አራቱ ተጠባባቂዎች

ሟቹ የሆስፒታሉ ኮምፒውተር ክፍል ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሏል። አጠገቡ መሰላል ወድቋል። ጭንቅላቱ ሥር ያለው ደም ደርቋል፤ ፊቱ ግን ረጋ ያለ ነው። ዓይኖቹ ተከድነዋል፣ መነጽሩም ታጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ገብቷል። ማሽኖቹ ሰው ሞተ ብለው ዝም አላሉም፤ እንደ ልማዳቸው ይጮኻሉ።

መርማሪዋ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። ጣቢያ ውስጥ «እሜቴ ለምን» ነው የሚሏት፤ ጥያቄዋ አያልቅማ! ፊት ለፊት የሚደፍራት ባይኖርም ቅጽል ስሟን ታውቀዋለች፣ አትጠላውምም።

«ነፍስ ይማር» አለች። ከዚያ መነጽሩን አየችው፣ ደግማ አየችውና ተነሳች።

በሩ ላይ ሦስት ወንዶች ቆመዋል፦ የክፍሉ ኃላፊ፣ የሟቹ ምክትል እና ሽማግሌው ዘበኛ። ምክትሉ የሟቹ የሚስቱ ወንድም ነው፤ ሚስትየዋ ከሞተች ቆይታለች። ከኋላቸው፣ ኮሪደሩ ወንበር ላይ፣ የሟቹ አንድያ ልጅ ኩርምት ብላለች።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ኃላፊው ክራቫቱን እያስተካከለ። «እዚህ የሕመምተኞች ራጅ ሁሉ ይቀመጣል፤ ሰሞኑን የአዲሱ የምርመራ ክፍልም ተጨምሮበታል። ትናንት እሁድ ከሰዓት አንድ ዲስክ ሞተ፤ ማስጠንቀቂያው ስልኩ ላይ ደረሰው፤ መጣ፤ ብቻውን መሰላል ላይ ወጣ፤ ወደቀ። ብቻ መውጣት ክልክል ነው። ጥፋቱ የራሱ ነው፣ ሪፖርቱም እንደዚያ ይላል።»

ልጅቷ ብድግ አለች። «አባቴ ዝርክርክ አልነበረም! ዕድሜውን ሙሉ ለዚህ ክፍል ሲጨነቅ ኖሮ፣ በሞተ ማግስት ጥፋተኛ?» ወደ መርማሪዋ ዞረች። «እትዬ፣ በሞቴ እውነቱን ያውጡልኝ። ምንም ይሁን።»

«ምንም ይሁን?»

«ምንም ይሁን!»

አጎቷ ምክትሉ ትከሻዋን አቀፈና ደረቱ ላይ አስጠጋት። «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እኔ አለሁልሽ» አላት። እውነቱን ነው፤ ከእሱ በቀር ማንም የላትም።

መርማሪዋ ከዘበኛው ጀመረች።

«አባባ፣ ትናንት ማን ገባ?»

«በኔ በር እሱ ብቻ ነው ልጄ። ብርቱካን ሰጠኝ፤ ባዶ እጁን መጥቶ አያውቅም። ‹አንዱ ሞቶብኝ ነው፣ ተጠባባቂዬም አልነሳ አለ፤ ልየው እስቲ› ብሎኝ ገባ። እኔማ የመጀመሪያ ሰሞን እንዲህ ሲል ሰው የሞተ እየመሰለኝ ስንቴ ደንግጫለሁ!» ሳቅ አለና ወዲያው በኮቱ እጅጌ ዓይኑን ጠረገ። «አሁን ራሱ ሞተ።»

«የጓሮውስ በር?»

«እሱ የጄኔሬተሩ በር ነው። ቁልፉ ያለው ከእሱ፣ ከምክትሉና ከኃላፊው ጋር ነው፤ እኔ አላየውም።»

ቀጥሎ ምክትሉ ገባ። ዓይኑ ደም መስሏል።

«ደወለልኝ» አለ። «‹ትርፉ ዲስክ ተበላሽቷል፣ ወጥቼ ልቀይረው ነው፤ አንተ እረፍ› አለኝ። እኔም ቤቴ ጋደም አልኩ። ምነው እግሬን በሰበረውና... ምነው አብሬው በሆንኩ!» ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። እንባው የውሸት አልነበረም፤ መርማሪዋ ብዙ የውሸት እንባ አይታለች።

አስከሬኑ ሲነሳ መርማሪዋ መነጽሩን ተቀብላ ኪሷ ከተተች፤ ከዚያ ልጅቷን ወደ ክፍሉ ይዛት ገባች። «አባትሽ ስለ ሥራው ያወራሽ ነበር?»

«ከማውራትም አልፎ! ልጅ ሆኜ እሁድ እሁድ ያመጣኝ ነበር።» ወደ ላይኛው መደርደሪያ ጠቆመች። «እነዚያ አራቱ ተጠባባቂዎቹ ናቸው። ልክ እንደ ኳስ ተጫዋች፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ታች አንዱ ዲስክ ሲሞት፣ አንዱ ተጠባባቂ ራሱ ተነስቶ ቦታውን ይይዛል፤ የሟቹን መረጃም ከቀሩት አሰባስቦ ራሱ ላይ ይጽፋል። ስለዚህ ዲስክ ሲሞት አባቴ አይሮጥም፤ ተጠባባቂ አለዋ! አንድ ቀን ‹ትርፍ ዲስክ› ስለው ተቆጣኝ። ‹ትርፍ የሚባል የለም! ትርፍ ያልሽው ቀን ሰው መጥቶ ይወስድብሻል› አለኝ።»

«ሲጠብቁ መብራታቸው እንዴት ነው?»

«ሳይንቀሳቀስ ይበራል። የሚርገበገበው ሥራ ሲይዙ ብቻ ነው...» ቀና ብላ አየችና ቃሏ ተቋረጠ። አራቱም አረንጓዴ መብራቶች ይርገበገባሉ። ከታች፣ ጉልበት ላይ በሚደርስ ቦታ፣ ቀይ ያበራው ዲስክ ግን አንድ ብቻ ነው።

መርማሪዋ አልተደነቀችም። «አንድ የመጨረሻ ነገር፤ አባትሽ መነጽሩን የት ነው የሚያስቀምጠው?»

ልጅቷ በእንባዋ መሃል ፈገግ አለች። «የትም! እንደተከፈተ ሶፋ ላይ፣ ፍሪጅ ላይ... ስንቴ ተቀምጠንበታል። ታጥፎ ካዩት ያጠፈው ጋሼ ነው፣ አጎቴ። አባቴ ቴሌቪዥን እያየ እንቅልፍ ሲጥለው፣ ጋሼ ቀስ ብሎ አውልቆ፣ አጥፎ ደረት ኪሱ ይከትለታል። ‹እንደ ሕፃን ነው የያዝከኝ› ይለዋል አባቴ።»

 ምነው ባልጠየቅኳት አለች መርማሪዋ በልቧ። ሪፖርቱን ፈርማ ብትሄድ ልጅቷ አጎት ይኖራታል፤ አባቷ ግን በገዛ ጥፋቱ የሞተ ዝርክርክ ተብሎ ይቀራል። ልጅቷ «ምንም ይሁን» ብላለች፤ ምን እንደሆነ ግን መች አወቀች?

ሁሉንም ወደ ክፍሉ አስጠራቻቸው። ኃላፊው ሰዓቱን ያያል፤ ዘበኛው ባርኔጣውን ይዟል፤ ልጅቷ የአጎቷን እጅ ጨብጣለች።

«የሞተው ዲስክ ይኸው፣ ጉልበቴ ሥር» አለች መርማሪዋ። «ይህን ለመቀየር መሰላል አያስፈልግም። ታዲያ ሰውየው ለምን ወጣ? ተጠባባቂው ለምን እንዳልነሳ ሊያይ ነው የወጣው። ምን አየ? ምንም የተበላሸ የለም። አራቱም ከወንበር ተነስተው ሌላ ሥራ ይዘዋል። እሱ ሳያውቅ መጠባበቂያውን አንድ ሰው በልቶታል፤ ታች ሌላ ዲስክ ቢደገም የሕመምተኞቹ ራጅ ሊጠፋ ይችላል።» ወደ ኃላፊው ዞረች። «ለአዲሱ የምርመራ ክፍል ማስቀመጫ ቦታ ሲጠፋ ምን አደረጉ?»

«እኔማ ጠየቅኩ! ‹ትርፍ ዲስክ አለን› ተባልኩ፤ ተጠቀሙበት አልኩ።»

«ማን ነው ያለዎት?»

 የኃላፊው ዓይን ወደ ምክትሉ ሄደ።

«እሺ። እርስዎ ደግሞ» አለች ወደ ምክትሉ ዞራ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «‹ትርፉ ዲስክ ተበላሽቷል አለኝ› ብለውኛል። የተበላሸው የቱ ነው? አራቱም ደህና ናቸው። ደግሞስ ያ ሰው በዕድሜው ‹ትርፍ› ብሎ ያውቃል? ለአባባ እንኳ ሲነግራቸው ‹ተጠባባቂዬ› ነው ያለው። ቃሉ የእርስዎ ነው፤ ሰሞኑን ከኃላፊዎ ጋር ስትነጋገሩ አፍዎ ላይ የቀረ። በሟች አፍ አስገቡት።»

«ስልክ ላይ እንዲያ የሰማሁ መስሎኝ ነው...»

«ይሁን። ከመሰላል የወደቀ ሰውስ መነጽሩን አጥፎ ኪሱ ይከታል?»

የልጅቷ እጅ ከአጎቷ እጅ ቀስ ብሎ ወጣ። ማንም ምንም አላላትም፤ ራሷ ናት የደረሰችበት።

«ጋሼ?» አለች። «ጋሼ፣ አይደለም በለኝ።»

ሰውየው ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ። «አዳዲስ ዲስኮች ሲገዙ ልመልሳቸው ነበር! ማስጠንቀቂያው ለእኔም ሲደርሰኝ ቀድሜው ላስተካክል በጓሮ ገባሁ፤ እሱ ግን ወጥቶ አይቷቸዋል። ‹ነገ ጠዋት ለሁሉም እናገራለሁ፤ የሰው ሕመም ነው የተጫወትክበት› አለኝ። ውረድ እንነጋገር ብዬ እግሩን ያዝኩት። ለመንኩት እንጂ ልገድለው አልነበረም! ሳብኩት... ወደቀ።»

«ወዲያው አልሞተም» አለች መርማሪዋ። «አስከሬኑን ያየው ሐኪም ነግሮኛል።»

«ይተነፍስ ነበር። ቢነቃ ይናገራል፣ ብጠራ ምን እላለሁ ስል፣ አሁን እጠራለሁ፣ አሁን እጠራለሁ ስል... ዝም አለ። ያኔ ዓይኑን ከደንኩለት። መነጽሩን እንኳ... እጄ ነው ያጠፈው፤ እኔ አላወቅኩም።»

«ሆስፒታል ውስጥ እኮ ነበርክ!» ልጅቷ ጮኸች። «ድንገተኛው ክፍል ከዚህ ኮሪደር ማዶ ነው! በሩን ከፍተህ ብትጣራ ይሰሙህ ነበር!»

ኃላፊው ክራቫቱን ነካ ነካ አደረገና «ሪፖርቱ ይስተካከላል» አለ። ዘበኛው «አንተ ደግሞ ዝም በል!» አለው፤ በሥራ ዘመኑ አለቃውን ሲቆጣ የመጀመሪያው ነው።

ኮሪደሩ ላይ የቆሙት ፖሊሶች ገብተው ሰውየውን አነሱት። በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ «የኔ ልጅ» አላት።

«እናቴ ስትሞት አባቴ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ?» አለችው። «‹አይዞሽ፣ እኔ ብሞት እንኳ ጋሼ አለልሽ፣ ተጠባባቂሽ ነው› አለኝ።»

ሰውየው አንገቱን ደፋ፤ ወሰዱት።

መርማሪዋ ከኪሷ መነጽሩን አውጥታ ለልጅቷ ሰጠቻት። እንደታጠፈ ነበር። ልጅቷ እያገላበጠች አየችው፤ ከዚያ የመነጽሩን ሁለት ክንዶች ዘረጋችና፣ አባቷ እንደሚያደርገው፣ እንደተከፈተ ጠረጴዛው ላይ ተወችው። ተደፍታም ማልቀስ ጀመረች።

መርማሪዋ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። የምትጠይቀው አልነበራትም። መሽቶ ዘበኛው በር ሊዘጋ እስኪመጣ ድረስ አብራት ቆየች።