ሦስት ጡብ፣ አንድ ማሰሪያ

ትርሲት ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ልክ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ የሶስናን በር ታንኳኳለች። ሶስና ቢሾፍቱ ውስጥ፣ ከሐይቁ ከፍ ብሎ በቆመ አሮጌ ቪላ ሳሎን ዮጋ የምታስተምር፣ ድምፅዋ ከሹክሹክታ ብዙም የማይርቅ ወጣት ናት። ትርሲት ደግሞ ሃያ ስምንት ዓመት የስፖርት መምህርት ሆና ስንቱን ልጅ ስታዘልል ኖራ፣ ጡረታ በወጣች በስድስተኛው ወር ከደረጃ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። አጥንቱ ገጥሟል። መገጣጠሚያው ግን አልፍታታ ብሎ፣ ሐኪሙ በዚሁ ከቀጠለ ከዘራ ዕድሜ ልክ እንደማይለያት ነግሯታል።

የምትመጣው ለዚህ ነው፤ የምትጠላው ግን ዕቃውን ነው። ሶስና በሳሎኑ ጥግ ለእሷ ብቻ ሦስት የእንጨት ጡቦች፣ ከመኪና ቀበቶ የተሠራ ማሰሪያና አንድ ረጅም ትራስ አስቀምጣላታለች። ስታጎነብስ እጇ መሬት ስለማይደርስ ጡቦቹን ደራርባ ትመረኮዛቸዋለች፣ እግሯን ማንሳት ሲያቅታት በማሰሪያው ትጎትተዋለች፣ በዚህ ሁሉ ድጋፍም ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠ ላቧ ምንጣፉ ላይ ይንጠባጠባል።

«መደገፊያ መጠቀም እኮ መሸነፍ አይደለም፣ እትዬ ትርሲት» ትላታለች ሶስና።

«ላንቺማ አይደለም» ትላለች ትርሲት ጥርሷን ነክሳ።

በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ማሰሪያው እሷ በተወችው ልክ አልነበረም። እስከ ጫፉ ድረስ ተለቋል፣ ከእሷ የባሰ የደረቀ ሰው እንደተጠቀመበት ሁሉ። ሦስቱ ጡቦችም ተደራርበው ቆመዋል፤ የላይኛው ረጥቦ፣ ዝናብ ካቆመ በኋላ ከሐይቁ ዳር የሚነሣውን የጭቃና የአረንጓዴ ውሃ ሽታ ይሸታል።

«ዕቃዬን ማን ነው የሚነካው?»

«ማንም። ሌሎቹ ተማሪዎች የራሳቸውን ይዘው ነው የሚመጡት።»

ትርሲት አላመነቻትም። በስክሪፕቶ ማሰሪያው ላይ የራሷን ልክ ምልክት አደረገችበት። ረቡዕ ስትመጣ ዘለበቱ ወደ ምልክቱ ተጠግቷል፤ በቀጣዩ ሰኞ ምልክቱ ላይ ደረሰ፤ ዓርብ አለፈው። የተደራረቡት ጡቦች ከሦስት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ ወረዱ። እሷ በአንድ ወር ያላገኘችውን አንድ ሌላ ሰው በየሌሊቱ እያገኘው እንደሆነ ስታስብ ከፍርሃት ይልቅ ቅናት ያዛት።

ትንፋሹን የሰማችው በዚያው ሰሞን ነው። ሶስና «ወደ ውስጥ… ወደ ውጭ» እያለች ስትቆጥር፣ የሶስናና የራሷ ትንፋሽ ካለፈ በኋላ አንድ ሦስተኛ ትንፋሽ ከኋላዋ ይከተላል፤ መጀመሪያ የሚያቃትት፣ መገጣጠሚያው እንደሚያመው ሽማግሌ የሚቆራረጥ፣ ከዚያ ከቀን ወደ ቀን እየረዘመ፣ እየሰከነ የሚሄድ። በዚያው ልክ የእሷ ያጥር ጀመር። ወደ ቤቷ የሚወስደው ዳገት ድሮ አንዴ ብቻ ያሳርፋት ነበር፣ አሁን አራቴ ያሳርፋታል።

«ከስተሻል እኮ» አላት ባሏ ፍስሐ፣ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ሲንጠለጠል አይቶ። ሚዛን ላይ ወጣች። አሥራ አንድ ኪሎ ጨምራለች። ፍስሐ ሚዛኑ ተበላሽቷል ብሎ ራሱ ወጣበት፤ ሚዛኑ የእሱን ክብደት በትክክል አሳየ።

«ለምን አትተዪውም?» አላት ከሚዛኑ ሲወርድ።

«ትቼ ምን ልሁን? ዕድሜ ልኬን ከዘራ ልያዝ?»

በማግስቱ ረቡዕ ነበር። ትርሲት በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ግንባሯን ትራሱ ላይ አሳርፋ፣ ዓይኗን ጨፍናለች። ሁለት መዳፎች ጀርባዋ ላይ አረፉ። ሶስና አንዳንዴ አከርካሪዋ እንዲለጠጥ እንዲህ ትጫናት ስለነበር መጀመሪያ ታገሠች፣ ግን መዳፎቹ እየከበዱ፣ እርጥበታቸው በሸሚዟ እያለፈ መጣ፣ የጎድን አጥንቷም ሲጥጥ አለ።

«ቀስ በይ እንጂ፣ ሶስና! ሰው እኮ ነኝ።»

«ምን አደረግኩ፣ እትዬ?» የሶስና ድምፅ የመጣው ከመስኮቱ በኩል፣ ከፊት ለፊቷ ነበር።

ትርሲት ዞራ ለማየት ሞከረች፤ ዳሌዋ ከለከላት። እንባዋ መጣ፤ የንዴት እንባ ነበር። የገዛ አካሏ ዞር ብላ ከኋላዋ ያለውን እንኳ እንድታይ አልፈቀደላትም።

ዓርብ ጠዋት ሳሎኑን ፀሐይ ሞልቶታል። ትርሲት ጡቦቹን፣ ማሰሪያውንና ትራሱን አንድ በአንድ ተሸክማ ከበሩ ውጭ ጣለቻቸው። «ዛሬ በራሴ ነው» አለች፤ ሶስናም ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

በእጇና በጉልበቷ ምንጣፉ ላይ ሆነች። አንድ እግሯን ወደፊት አምጥታ ልትነሣ ስትል እግሯ አልታዘዝ አለ፤ ሌላውም፤ ክንዶቿም ቀጥ ብለው ደረቁ፣ አንገቷም ባለበት ቀረ። የሐይቁ ሽታ አፍንጫዋን ሞላው። ከበላይዋ ያ ትንፋሽ ይሰማል፣ ረጅም፣ የተረጋጋ፣ የጤነኛ ሰው ትንፋሽ። ሶስና ብላ ልትጣራ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም።

የሶስና ባዶ እግሮች ቀስ ብለው መጥተው ፊቷ ዘንድ ቆሙ።

«ጎሽ! እንዴት ያምራል» አለች ሶስና፣ በደስታ። «አከርካሪዎ ቀጥ ብሏል። ይኸው፣ ቆሙ እኮ።»

ትርሲት ከወለሉ በቀር የሚታያት ነገር አልነበረም። የጥላዋን ጠርዝ ፈለገች፤ ምንጣፉ ላይ የተዘረጋው ጥላ የቆመ ሰው ጥላ ነው።

ሶስና ጎንበስ አለችና ትርሲትን በሁለት እጇ ትከሻና ዳሌዋ ላይ ይዛ፣ ፊቷን ሳታይ፣ እንደ እንጨት ጡብ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ግራ ገፋ አድርጋ አስተካከለቻት፤ ከዚያም ቀና ብላ፣ ከላይ ለቆመችው፣ «አሁን አይፍሩ፣ እትዬ ትርሲት፣ ክብደትዎን ሁሉ ይጣሉበት» አለቻት።