መሪውን መንገድ የጠየቀ የለም

አውሎ ነፋሱ ጋብ እንዳለ የሲራራው መሪ ሽማግሌው አታሄር ግመላቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው መንዳት ጀመሩ። የውሃው ጉድጓድ ያለው ግን በስተደቡብ ነው። የሚከተሏቸው የጨው ነጋዴዎች እርስ በርስ ተያዩና ዝም አሉ። በሰሃራ በረሃ ቱዋሬጎች ዘንድ የሲራራን መሪ «ወዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ እናቱን ከመስደብ አይተናነስም። ይሄ የተረገመ ጨዋነት ስንቱን አሸዋ አልብሶታል!

ጭነት አሳሪው ጉሙር ግን ግመሉን አስፈንጥሮ አጎቱን አታሄርን ቀደማቸውና መዳፉን ከፊታቸው አወዛወዘ። ዓይናቸው አልተርገበገበም።

«አያዩም እንዴ!»

«ከአምና ጀምሮ ጥላ ጥላውን ነበር የማየው» አሉ አታሄር በቀስታ። «የዛሬው አሸዋ ጨረሰው። የእህቴ ልጅ ነህ፤ በወጋችን መሪነቱ ያንተ ነው።»

«ምን አስተምረውኝ ነው የምመራው? ስጠይቅዎ ‹ዝም ብለህ ተከተል› አይደል ሲሉኝ የኖሩት!»

ብዙ ግመል ያለው ካማዲን ከኋላ ሳቀ። «ጭነት አሳሪ ሊመራን ነው? ለእኔ ተዉት፤ ዓይኔን ጨፍኜ አደርሳችኋለሁ።»

«ዓይኑን የጨፈነማ አለን!» አለ ጉሙር።

በዚህ መሀል በጥም ያበደ ኮርማ ግመል ገመዱን በጥሶ ውሃ የጫነችውን ግመል በደረቱ ገጫት። ውሃ የያዙት የቆዳ እርኮቶች ፈነዱ፤ ውሃውን አሸዋው ጠጣው። ጉሙር ዘሎ የኮርማው አንገት ላይ ተጠመጠመ። ግመሉ ትከሻውን ነከሰው፤ እሱ ግን እየደማ ታግሎ አንበረከከው። የተረፈችው አንዲት እርኮት ብቻ ነበረች። እስኪመሽ ጉድጓዱን ካላገኙ ማንም አይተርፍም።

ካማዲን ሰይፉን መዘዘ። «እርኮቷን ወዲህ በል! የሚያምነኝ ይከተለኝ።»

ጉሙር መሪነቱን ሊተውለት ፈልጎ ነበር። መንገዱን አያውቀውም፤ ከተሳሳተ የሁሉም ነፍስ በእሱ ነው። ግን ካማዲንም እንደማያውቅ ያውቃል፤ ይሄ ደግሞ አንገበገበው። በጭነት ገመዱ የካማዲንን እጅ ሾጥ ሲያደርገው ሰይፉ ወደቀ።

«እኔ እመራለሁ!» ሲል ጮኸ። «መንገዱን አላውቀውም፤ ስለዚህ ትጠይቁኛላችሁ! ስሳሳት አይቶ ዝም ያለ በዚህ ገመድ ነው የምገርፈው! አጎቴ፣ እርስዎም ይናገሩ። የታወረው አፍዎ አይደለም!»

ወደ ደቡብ ዞረው ተነሱ። ጉሙር ያየውን እየጮኸ ይናገራል፤ አጎቱ ይመልሳሉ። ፀሐይዋ አናት ስትበሳ ጥቁር ቋጥኝ አየና ጉድጓዱ ከሥሩ ያለ መስሎት ገሰገሰ።

«ኧረ አንተ መሪ!» አለ ካማዲን በማላገጥ። «ነፋሱ ግራ ጉንጫችንን ነበር የሚመታን፤ አሁን ፊታችንን ነው። ዞረሃል!»

ጉሙር በእፍረት ነደደ። ዋሽቶ መቀጠል ይችል ነበር፤ ቀድሞም መሪዎች የሚያደርጉት ይሄንኑ ነው።

«ልክ ነህ» አለና ግመሉን መለሰ።

ነፋሱን እንደገና በግራ ጉንጫቸው ይዘው ሊመሽ ሲል ጉድጓዱ ጋ ደረሱ። ሰውም ግመልም ተጋፍቶ ጠጣ። አታሄር ፂማቸው ውሃ እያንጠባጠበ የእህታቸውን ልጅ በዳበሳ ፈልገው ያዙት።

«አሁን መሪ ሆንክ።»

«አልሆንኩም» አለ ጉሙር፤ ንዴቱ አልበረደለትም። «ነገ ከፊቴ ሆነው የደበቁኝን ሁሉ ይነግሩኛል።»

«የመሪ ምስጢር እኮ…»

«ምስጢርዎ ሊቀብረን ነበር!»

ሽማግሌው ወደ ጆሮው ተጠግተው፣ «ከዚህ ጉድጓድ ስትነሳ መጀመሪያ…» ብለው ማንሾካሾክ ጀመሩ።

«ጮክ ይበሉ!» አለ ጉሙር። «ሁሉም ይስማ!»