ሂዳያና የቅርንፉዱ ደሴት

«መንገድ! መንገድ! ዞር በል!»

ተሸካሚው ከነሸክሙ እየሮጠ ሲመጣ አንድ ወጣት መሐል መንገድ ላይ ደርቆ ቀረ። ሂዳያ ከአባቷ የቅመም ሱቅ ተስፈንጥራ ወጣችና እጅጌውን ይዛ ጎተተችው። ተያይዘው በርበሬ ጆንያ ላይ ተዘረሩ።

«ለመርካቶ እንግዳ ነህ እንዴ?» አለችው በሳቅ እየፈረሰች።

«ኧረ እዚሁ ጭድ ተራ ነው ያደግኩት!» አለ እያስነጠሰው። «ሰው የማይጮህበት አገር ከርሜ ነው እንጂ...»

ኻሊድ ይባላል። ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ባለ ፔምባ በሚባል ደሴት ተቀምጦ ለአጎቱ ቅርንፉድ እየገዛ ይልካል። ለዕረፍት መጥቶ ነው። በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቅ ብሎ ተመለሰ። በሳልስቱ ደግሞ ቅመም ልግዛ ብሎ መጣ። የቅርንፉድ ነጋዴ ቅመም እንዳልቸገረው ለሂዳያ አባት ለጋሼ በሽር ገብቷቸዋል። ግን እንዳላዩ፣ እንዳልሰሙ ሆኑ።

«እስቲ ስለ ደሴቱ አጫውተኝ» ትለዋለች።

«ቅርንፉዱ መንገድ ዳር ፀሐይ ላይ ይሰጣና አገሩን ያውደዋል። ሲመሽ ከባሕሩ በቀር የሚሰማ የለም።»

መሳለሚያ የታክሲ ረዳቶች ጩኸት እየሰማች ያደገችው ሂዳያ ልቧ ቀድሟት ሄደ። አንድ ቀን ደፈር አለችና፣

«ለእኔስ... ይሆነኛል?» አለችው።

ኻሊድ አቀረቀረ። «አይሆንሽም» አላት።

ለምን እንደሆነ አልነገራትም። እሷም አልጠየቀችም። እዚያ ሌላ ሴት አለችው ማለት ነው ብላ ደመደመች። ከዚያ ወዲህ ሲደውል አታነሳም። ሲመጣ ጓዳ ትገባለች።

መክሳቷን ያየችው አክስቷ ካሚላ አንድ ጠዋት ያዘቻት።

«ለምን እንዲያ እንዳለሽ ጠይቀሽዋል?»

«አልጠየቅኩትም።»

«ታዲያ ያልተነገረሽን ነው የምታለቅሺው? ዛሬ አያቱን ሊሰናበት ኮምቦልቻ ይሄዳል አሉ። ከዚያ በኋላ እንግዲህ ባሕር ማዶ ነው!»

ሂዳያ ሻርፗን እያስተካከለች ወደ አውቶቡስ ተራ ሮጠች። በደላሎቹ መሐል እየተጋፋች ስትፈልግ፣ ሻንጣውን ተሸክሞ ሊሳፈር ሲል አገኘችው።

«ለምንድን ነው አይሆንሽም ያልከኝ?»

ኻሊድ ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ።

«የነገርኩሽ ማሩን ብቻ ስለሆነ ነው» አላት በቀስታ። «እኔ እንኳ እያለቀስኩ ነው የለመድኩት። መብራት ይጠፋል። ዝናቡ ከያዘ አይለቅም። ሰዉ ደግ ነው፣ ግን ቋንቋውን እስክታውቂ ዲዳ ነሽ። አታልዬ ወስጄሽ ስታዝኚ ማየቱን ፈራሁ።»

«ሌላ ሴት የለህም?»

«ወላሂ! ከአንቺ ሌላ ማን አለኝ?»

እንባና ሳቅ አንድ ላይ መጣባት።

«እንግዲያው እሬቱንም ንገረኝ! ይሆነኛል፣ አይሆነኝም የምለው እኔ ነኝ።»

«ሄደሽ ባይሆንሽስ?»

«ትመልሰኛለህ።»

«አልመልስሽም» አላት ፈገግ ብሎ። «አብረን እንመለሳለን።»

አውቶቡሱ ትቶት ሄደ። በሳምንቱ ሽማግሌዎች ጋሼ በሽር ቤት ገቡ። አባት ልጃቸውን ለብቻዋ ጠርተው፣

«የመርካቶ ልጅ ደሴት ላይ ትችያለሽ ልጄ?» አሏት።

«አላውቅም አባ። ሄጄ ልየው።»

ኒካሁ ታሰረ፤ ወደ ደሴቱ ሄዱ። መጀመሪያ በጣም ከበዳት። ጸጥታው እንቅልፍ ነሳት። ዝናቡ ሲወርድ መስኮት ስር ተቀምጣ አገሯን ታስባለች። ኻሊድ ፊቷን አይቶ፣ «በቃ፣ እንመለስ» አላት።

«ቆይ እንጂ! ገና መች አየሁት?»

ጎረቤቶቿ ቅርንፉድ መልቀም አስተማሯት፣ በቋንቋቸው ስትሳሳት አብረዋት ሳቁ። እያደር የእሷም ሳቅ ከእነሱ ጋር ከሩቅ ይሰማ ጀመር።

አንድ ቀን አባቷ ከሱቅ ደወሉ።

«ሄሎ! ተቋረጠ እንዴ? ምንም አይሰማም!»

«አለሁ አባ። እዚህ እንዲህ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው።»

«ተስማማሽ ልጄ?»

ሂዳያ ከስልኩ ውስጥ የመርካቶን ጫጫታ ሰማች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ደጅ ላይ ኻሊድ ምንጣፍ አንጥፎ እስክትመጣ ይጠብቃታል።

«ትናፍቁኛላችሁ አባ... በጣም። ግን ተስማምቶኛል፣ አልሐምዱሊላህ።»

ስልኩን ዘግታ ሄደችና አጠገቡ ተቀመጠች።