የበሻህ የማለዳ ኪኒን

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይርገዱ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ፣ ጉም የዋጠውን አቀበት ይዛ፣ በየማለዳው ወደ እማማ ተዋበች ቤት መውጣት የጀመረችው ክረምቱ ሲገባ በሰኔ ነው። የመንዝ ብርድ አጥንት ሰብሮ ይገባል፤ እሷ ግን አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም። የእማማ ተዋበች የመጨረሻ ልጅ በሻህ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ተኝቷል። ሁለት ታላላቆቹ በዚያው በሽታ ታመው፣ ኪኒኑን ጀምረው፣ ትንሽ ሻል ሲላቸው ትተውት ሞተዋል። የይርገዱ ታናሽ እህት ዘነበችም አሟሟቷ እንደዚያው ነበር። ኪኒኗን ከምላሷ ሥር ደብቃ ትተፋው እንደነበር ይርገዱ ያወቀችው ከቀብር መልስ ፍራሿን ስታነሣ ነው። ስለዚህ ለበሻህ ስትሰጥ ዐይኗን ከጉሮሮው አትነቅልም፤ ከዋጠም በኋላ አፉን አስከፍታ ታያለች።

ቤቱ በድንጋይ የተካበ፣ በጓሳ ሣር የተከደነ፣ መስኮት የሌለው ነው። በጎቹ ከመደቡ ግርጌ ታስረው ያመሰኳሉ፤ የኩበቱ ጭስ፣ የእርጥብ ጠጉር ሽታና የበሻህ ሳል ቤቱን ሞልተውታል። ሳሉ ከአቀበቱ ሥር ድረስ ይሰማል፤ ደረቅ፣ ረጅም፣ ጠንካራ ግንድ እንደሚፈለጥ ያለ ድምፅ ነው። ጉሙ መንገዱን ሲያጠፋባት ይርገዱ ሳሉን ተከትላ ትወጣ ነበር።

በነሐሴ መጨረሻ አንድ ማለዳ ሳሉ አልተሰማም። ይርገዱ ጭቃው እያንሸራተታት ሮጣ ወጣች። እማማ ተዋበች ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ አስራ በሩ ላይ ቆማለች።

«ተሻለው» አለች።

በሻህ የበግ ጠጉር ባናውን እስከ አገጩ ለብሶ ጣራውን ያያል። ኪኒኑን ይርገዱ አፉ ውስጥ አኖረችለት፤ እናቱ ውኃውን አጠጣችውና እስኪወርድ ድረስ ጉሮሮውን በአውራ ጣቷ ወደ ታች አሸችው። «ደርቆበት ነው» አለች።

ከዚያ ወዲህ ሁሉ ነገር የተስተካከለ መሰለ። ሳሉ ቆመ፤ የሌሊት ላቡ ጠፋ፤ ትኩሳቱም ለቀቀው፣ ግንባሩ እንደ ግድግዳው ድንጋይ በረደ። ይርገዱ ከበሻህ ለምርመራ የሚሆን አክታ ማጣቷን ስትነግራት የጤና ጣቢያዋ ነርስ ደስ አላት። «አክታ ካጣማ እየዳነ ነው፤ በርቺ» አለቻት። ይርገዱ ወደ መንደሯ ስትመለስ መንገድ ላይ አለቀሰች፤ ዘነበች ከሞተች ወዲህ በደስታ ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነበር።

ቀስ በቀስ ግን በጎቹ ከመደቡ መራቅ ጀመሩ። ወደ ወዲያኛው ግድግዳ ተገፍተው፣ ገመዱ አንገታቸውን እስኪልጠው ድረስ ወጥረው ያድራሉ። ከጭሱ ሥር አዲስ እንደተማሰ አፈር ያለ ሽታ ይመጣል። እማማ ተዋበች ለልጇ አጥሚት መሥራት ትታለች፤ ይርገዱ ስትጠይቃት «እህል አላሰኘው አለ» አለቻት።

በጥቅምት በሻህ ተናገረ። «እህት ይርገዱ፣ ይብቃኝ።»

«ሲሻላችሁ ሁላችሁም እንዲህ ትላላችሁ።»

«ወንድሞቼ ደጅ ቆመዋል። በብርድ አለቁ።»

እማማ ተዋበች ተነሥታ በሩን ዘጋችው። ይርገዱ ከመደቡ ጫፍ ተቀምጣ፣ ለማንም ተናግራው የማታውቀውን የዘነበችን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው ነገረችው። እሱም ሰምቶ ሲያበቃ አፉን ከፈተ። ስትወጣ በበሩ ግራና ቀኝ ያለው ውርጭ የመታው ሣር ተረግጦ አየች፤ ሌሊቱን ሙሉ እግር እየቀያየሩ የቆሙ ሰዎች የረገጡት ይመስላል። ጎረቤት ይሆናል ብላ ወረደች።

ኅዳር ሲገባ ውርጩ ቤት ውስጥም ገባ። ይርገዱ ስትናገር ትንፋሿ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ የእማማ ተዋበችም፣ ከወዲያኛው ግድግዳ የበጎቹም እንደዚሁ። በሻህ «ይብቃኝ» ሲል ግን ከከንፈሩ ምንም አልወጣም። ቃሉ ብቻ ወጣ። ይርገዱ የልብ ምቱን እንደምትለካ ሆና የእጁን አንጓ ያዘች፤ ጣቶቿ እስኪደነዝዙ ያዘችው። ከዚያ መልሳ ባናው ሥር ከተተችው።

እናትየዋ ስታያት ቆየች። «አንድም ቀን ካላቋረጠ አይሞትም ብለሽኛል፣ ልጄ።»

«ብያለሁ፣ እማማ።»

«አላቋረጠም።»

በማግሥቱ ላለመሄድ ቆርጣ ጤና ኬላው ደጃፍ ተቀመጠች። ጉሙ ሳይገፈፍ ግን ዘነበች ታየቻት፤ ፍራሹ ሥር ያገኘቻቸው የሟሙ ኪኒኖች ታዩዋት፤ እግሯም አቀበቱን ያዘ።

የመጨረሻዋ ማለዳ ታኅሣሥ ላይ ደረሰች። በቦርሳዋ ውስጥ የበሻህ የመጨረሻ ኪኒኖች፣ ከሥራቸውም ከታችኛው መንደር ቦጋለች የምትባል እመጫት በዚያው ቀን የምትጀምረው ሙሉ የኪኒን ካርቶን ነበር። ቦጋለች ስለጨነቃት ከንጋት ጀምራ ጤና ኬላው በር ላይ ልጇን አቅፋ ትጠብቃለች።

በሻህ ዋጠ። አፉን ከፈተ፤ አሳየ።

«ዛሬ የመጨረሻው ነው፣ አይደል?» አለ። ድምፁ ውስጥ ይርገዱ ሰምታው የማታውቀው ደስታ የመሰለ ነገር ነበረ። ከበሩ ውጭ ውርጭ የበዛበት ሣር ቀጭ፣ ቀጭ አለ፤ የቆመ ሰው ለመሄድ ሲዘጋጅ እንደሚያደርገው።

እማማ ተዋበች የይርገዱን የቀሚስ ጫፍ በሁለት እጇ ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ እንደዚያ ሆና ያንን ትንሽ፣ ነጭ ትንፋሿን ታወጣለች። ይርገዱ ሴትየዋን አየቻት። ከዚያ ወደ መደቡ ዞረች፣ ወደዚያ አንድም ቀን ሳያቋርጥ ወደጨረሰላት ብቸኛ ሰው፤ ባናውንም እስከ አገጩ ሳበችለት።

«ገና ነህ፣ በሻህ፤ አልጨረስክም» አለችው፣ የቦጋለችን ካርቶን እየከፈተች።