አምስተኛዋ ዶቃ

«ንጋት» በተባለችው መንኮራኩር ላይ ዕጣ ማውጣት እንደ ምሳ ሰዓት የተለመደ ነገር ነው። ሥራ ሲከፋፈል፣ መኝታ ሲመደብ ከረጢቱ ይመጣል። የወጣ ዶቃ ተመልሶ አይገባም፤ ሁሉም ሰው እስኪያወጣ ጭብጥ አይፈታም፤ ዕጣ ጠባቂዋ ስንዱ ደግሞ ሁልጊዜ መጨረሻ ታወጣለች።

የዛሬው ዕጣ ግን የሞት ነው። የማቀዝቀዣው ቧንቧ ፈንድቷል፤ ሮቦቶቹ በጨረሩ ተቃጥለዋል። አንድ ሰው ገብቶ ካልደፈነው በበረዶው ክፍል የተኙት ሦስት መቶ ሰዎች አይነቁም። የስንዱ ልጅም እዚያው ተኝታለች። የሚገባው ሰው አይመለስም።

ነቅተው ላሉት አምስት ሠራተኞች ከረጢቱ ውስጥ አራት ነጭና አንድ ቀይ ዶቃ ገባ፤ ቀይ የደረሰው ይገባል።

«መጨረሻ የሚያወጣ ሰው ይሻለዋል አይደል?» ስትል ስንዱ «ቆጣሪ»ን፣ ማለትም ዕድል የሚያሰላውን መሣሪያ፣ በሹክሹክታ ጠየቀችው። «እስከዚያ ቀዩን አንዱ ይወስደዋላ።»

«ላይወስደውም ይችላል። ቀዩ አንቺ ጋ እንዲደርስ የመጀመሪያው ሰው ነጭ ማውጣት አለበት፤ አራት ከአምስት። ቀጥሎ ሦስት ከአራት፣ ሁለት ከሦስት፣ አንድ ከሁለት። ሲባዛ አንድ ከአምስት ይሆናል። የመጀመሪያውም ዕድል ያው ነው።»

ስንዱ ልጇ ነቅታ እናቷን ስትፈልግ ታያት። ከትርፎቹ ዶቃዎች አንድ ነጭ አንስታ እጅጌዋ ውስጥ ሸጎጠች።

አራቱ ተራ በተራ አወጡ። ስንዱ የቀረችውን አምስተኛዋን አውጥታ በጣቶቿ መሃል አጮለቀች። ቀይ ናት። በነጯ ለወጠቻት።

«በሉ ፍቱ» አሉ የሞተር ክፍሉ አዛውንት፣ ጋሽ ዘለቀ።

የእሳቸው ቀይ ነበር። የነርሷ የተዋቡም ቀይ። የሁለቱ ቴክኒሻኖችም ቀይ። ነጭ የያዘችው ስንዱ ብቻ ናት።

«ስህተት» አለ ቆጣሪ። «የገባው ቀይ አንድ ነው። አራት ቀይ የመውጣት ዕድሉ ዜሮ ነው።»

«እናንተም እንደኔ ነጭ ዶቃ ቀይ ቀብታችሁ መጣችሁ?» አሉ ጋሽ ዘለቀ። «እኔ ስንት ዕድሜ ቀረኝ ብዬ ነው እንጂ፣ እናንተ ምን ነካችሁ?»

ተዋቡ ዓይኗን አብሳ ስንዱን አቀፈቻት። «እሰይ! እንኳን አንቺ ተረፍሽ፤ የልጅ እናት።»

ስንዱ አፈረች። ይህን ተሸክሞ መኖር ከጨረሩ ባሰባት። ቀዩን ከእጅጌዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«እውነተኛው ይኸው። ፈርቼ ለወጥኩት።»

ማንም አልተቆጣም። ጋሽ ዘለቀ እጃቸውን ዘረጉ። «ለኔ ተይው ልጄ።»

«አይሆንም ጋሼ። የወጣ አይመለስም።»

የጨረር ልብሱን ለበሰች። ዚፑን የዘጉላት እሳቸው ናቸው።

«ልጄ ስትነቃ፣ ጀግና ነበረች አትበሏት» አለቻቸው። «እናትሽ ዋሽታ ነበር፤ ኋላ ግን ተናዘዘች በሏት።»

ከዚያ በሩን ከፍታ ገባች።