ቀለም ያልተቀባ ብሎን

«ይኸው፣ ደግሞ አባረረው!» አለ ሊበን፣ ካሴቱን ከጌሙ ሣጥን ውስጥ መንጭቆ እያወጣ።

የሣጥኑ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ቴሌቪዥኑ አንዴ ይነጣል፣ አንዴ ይጠቁራል፤ ከዚያ ሌላ ነገር የለም። ሑዳ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ ካሴቱን ተቀበለችው፤ እፍ ብላ አቧራውን አራግፋ መልሳ ከተተችው። ያው ነው። ብልጭ፣ ድርግም።

«ካሴቱ ደህና ነው» አለች። «ሣጥኑ ነው እምቢ የሚለው።»

«አቦ፣ በቃ! እኔ ሳቢያን ሜዳ እሄዳለሁ። ልጆቹ ኳስ ይዘዋል።»

ብድግ አለ። አይ የሊበን ቁመት! ገና አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ከሑዳ ጋር አንድ ክፍል ነው የሚማሩት። ግን በአንድ ዓመት ተመዞ የበሩን ጉበን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ደርግ ለጦርነቱ ወጣት በሚያፍስበት በዚያ ክረምት ደግሞ በመኪና እየዞሩ የሚያፍሱት ሰዎች የሚያዩት ቁመትን እንጂ የልደት ቀንን አልነበረም።

እናቱ ፋርሒያ ከጓዳ እየሮጠች መጥታ በሩ ላይ ሁለት እጇን ዘረጋች።

«የት?»

«ኳስ፣ ሆዮ።»

«እኔን ረግጠህ ውጣ! ትናንት ከከዚራ ሠፈር ስንቱን ጭነው እንደሄዱ አልሰማህም?»

«እና እስከ መቼ ልቀመጥ? ያንን አንድ ካሴት በሕልሜ ሁሉ እጫወተዋለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ እጨርሰዋለሁ፣ ወላሂ!»

ጌሙን አባቱ ሚሬ ከጅቡቲ በባቡር የላከው «ልጁ ይሄን እያየ ቤት ይዋል» ብሎ ነው። የሚሠራው ግን አብሮት የመጣው አንድ ካሴት ብቻ ሆነ። መጋላ ገበያ ውስጥ ከነጋዴዎች ቤት የሚገኙት ርካሽ ካሴቶች ቅጂ ናቸው፤ ሣጥኑ አንዳቸውንም አይቀበል። ልጅ ደግሞ በሰንሰለት አይታሰር። እናት ምን ታድርግ?

«ሑዳዬ» አለች ፋርሒያ፣ እጇን ከበሩ ሳታወርድ፤ «አጎትሽን ንገሪልኝ። ሽሬ ያልከፈተው ዕቃ የለም። ይሄን ከከፈተልኝ ልጄ ይቀመጥልኛል።»

የሑዳ አጎት ሽሬ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። ወላጆቿ ከሞቱ ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነው፤ እጇን ያሠለጠናትም እሱ። የመጋላ ጠጋኞች አንድ ደንብ ነበራቸው። ዕቃ የከፈተ ሰው ሲዘጋ፣ የመጨረሻው ብሎን ላይ የጥፍር ቀለም ጠብ ያደርጋል። ሁሉም የየራሱ ቀለም አለው፤ የሽሬ አረንጓዴ ነው። ቀለሙ «እዚህ የገባሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋት ካለ ወደ እኔ ኑ» ማለት ነው። ቀለም ሳይቀባ የዘጋ ሰው እንደ ሌባ ይታይ ነበር። ሑዳ ገና የራሷ ቀለም የላትም። ሽሬ «ጊዜው ሲደርስ ራስሽ ትመርጫለሽ» ይላታል።

«አዴር ሽሬ» አለችው፣ ሱቁ በር ላይ ቆማ። የአባቷን ወንድም እንደ ቤታቸው ወግ በሶማሊኛ ነው የምትጠራው። ስለ ሣጥኑ ነገረችው።

«አውቀዋለሁ» አለ ሽሬ፣ ዓይኑን ከሚጠግነው ሬዲዮ ሳያነሳ። «ጅቡቲ ሳለሁ አንድ ሰው ሲከፍተው አይቻለሁ። ውስጡ አይሲ የሚሏት፣ ብዙ እግር ያላት ትንሽ ጥቁር ዕቃ አለች። ካሴት በገባ ቁጥር ‹አሰላሙ አለይኩም› ትለዋለች። ‹ወአለይኩም ሰላም› ካላት ታስገባዋለች። ቅጂዎቹ መልሱን አያውቁትም። ስለዚህ ታባርራቸዋለች።»

«አፏን ማዘጋት አይቻልም?»

«ይቻላል። አራተኛ እግሯን ከቦርዱ ካነሱባት ያገኘችውን ሁሉ ታስገባለች። እኔ ግን አልነካትም።»

«ለምን?»

«የተበላሸ አምጪልኝ፣ ልጠግን። ይሄ አልተበላሸም፤ የሠራው ሰው እንዳዘዘው ነው የሚሠራው። ጨዋታውን ዓይኑን አጥፍቶ የፈጠረ ሰው አለ። ቅጂውን የሚሸጠው ደግሞ ሌላ ነው። እኔ በሩን ብከፍት ለማን ከፈትኩ?»

«ለሊበን! አባቱ ከፍሎ ገዝቶታል። ሰው የገዛውን ቤት በር ቢከፍት ሌባ ነው?»

«ቤቱን ሸጡለት፤ ዘበኛቸውን ግን ውስጥ ትተው ሄዱ።»

«ያልቀጠርኩት ዘበኛ ቤቴ ውስጥ ምን ይሠራል? የሚጠብቀው እኔን ነው ወይስ ከእኔ ነው?»

ሽሬ ሽቦ የሚበይድበትን ካውያ አስቀመጠና ወደ መንገዱ አየ። ማዶ፣ ከግንቡ ጥላ ሥር፣ ጠመንጃ ያንጠለጠለ የአብዮት ጥበቃ ሎሚ እየመጠጠ ቆሟል።

«ድምፅሽን ቀንሺ» አላት።

«እሺ፣ ሕጉስ ምን ይላል?» አለች በሹክሹክታ።

«ምን ሕግ! ስለዚያች አይሲ ሕግ የጻፈ ሰው እዚህ ያለ አይመስለኝም። ሕግ የሌለበት ነገር ደግሞ ሁሉም የፈለገውን ስም ያወጣለታል። ጉምሩክ ኮንትሮባንድ ይለዋል፣ ቀበሌ አሻጥር ይለዋል። ሑዳ፣ እኔ ያለኝ እጄና ስሜ ነው። በቃ።»

ዓርብ፣ ሽሬ ለጁምዓ ሲወጣ፣ ሑዳ ሊድ የሚያቀልጥበትን ካውያ፣ ካቻቢቴውንና ቀጭኑን ፒንሳ በሻሽዋ ጠቅልላ ወጣች። አጎቷ ተሳስቷል ብላ አይደለም። የሊበን እናት በሩ ላይ እጇን ዘርግታ የቆመችው ከዓይኗ አልጠፋ ብሏት ነው።

«ማል» አለችው ሊበንን። «ለማንም አልናገርም በል።»

«ወላሂ! ለግድግዳ እንኳ አልነግርም።»

ታናሽ እህቱ ሰምሰም ብሎኖቹን በመዳፏ ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች። የአይሲዋ እግር ቀጭን ናት፤ የጉንዳን እግር ብትበልጥ ነው። ሑዳ ትንፋሿን ውጣ ካውያውን አስጠጋች፤ ሊዱ አብረቀረቀና ለሰለሰ፤ በፒንሳው ጫፍ ቀና አደረገቻት። ሣጥኑን ገጣጥማ ቅጂውን ካሴት ስትከተው መብራቱ ቀጥ ብሎ በራ። ሙዚቃ ፈነዳ። አንድ ትንሽ ሰውዬ በአጥር ላይ መዝለል ጀመረ።

ሊበን ጮኸ። ፋርሒያ የሑዳን ግንባር ሳመች። «ሽሬን አላህ ይስጥልኝ! አንቺን ላከልኝ አይደል? የእሱን ውለታ መቼም አልረሳ!»

ሑዳ አፏን ከፈተች። የሴትየዋን ደስታ አየችና መልሳ ዘጋችው።

«ቀለሙስ?» አለች ሰምሰም፣ የመጨረሻውን ብሎን እያየች። «አዴር ሽሬ ሁልጊዜ ቀለም ይቀባል።»

«ኋላ» አለች ሑዳ።

ለጥቂት ቀን ሊበን ከቤት አልወጣም። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ሑዳ ስትመጣ በሩ ላይ የጫማ ክምር አገኘች፤ ሸበጥ፣ ሰንደል፣ የጎማ ጫማ፣ አንዱ በአንዱ ላይ። መጋረጃው ተዘግቷል። ውስጥ የሠፈሩ ልጆች ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ተቀምጠዋል።

«ኢንጂነሯ መጣች!» አለ አንዱ። «ቦታ ልቀቁላት፣ ወሪያ!»

«ለግድግዳ እንኳ አልነግርም ያልከው?» አለችው ሊበንን፣ በር ላይ እንደ ቆመች።

«ለተማም ብቻ ነው የነገርኩት! አዲስ ካሴት ያለው እሱ ነዋ። እሱ ነው ለሌሎቹ የነገረ። ምን አለበት? ድምፁን ቀንሰነዋል፣ መጋረጃውን ዘግተነዋል። ይቺ ሣጥን እንደሆነች አሁን ማንንም አትመልስም!» ሁሉም ሳቁ። ሑዳም ሳታስበው ሳቀች።

ፋርሒያ እንኳ ሻሂ እያቀረበችላቸው ነበር። «መንገድ ላይ ከሚሆኑ እዚህ ይሁኑ፣ የሰው ልጆች» አለች። ድምፁን አስበዋል፣ መስኮቱን አስበዋል። ጫማን ግን ማን ያስባል? በር ላይ አውልቆ መግባት እኮ እንደ መተንፈስ ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ሑዳ የመኪና ሞተር ሰማች፤ ከባድ መኪና። ወደ እነሊበን ጠባብ መንገድ ከባድ መኪና አይገባም ነበር። ስትሮጥ ደረሰች፤ አቧራው ገና አልወረደም ነበር። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከሩቅ፣ ከደቻቱ ወንዝ አቅጣጫ፣ የፋርሒያ ጩኸት ይሰማል፤ መኪናውን ተከትላ ሮጣለች።

ሰምሰም ደጁ ላይ ቁጢጥ ብላ ጫማዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጋ ትደረድራለች።

«በባዶ እግራቸው ወሰዷቸው» አለች፣ ቀና ሳትል። «ጠመንጃ የያዘ ሰውዬ እያለፈ ነበር። ከዚያ ጫማውን አየና ቆመ። ‹እዚህ ቤት ያለው ልጅ ስንት እግር አለው?› ብሎ ሳቀ።»

ከዚያ በኋላ ፋርሒያ በየማለዳው ቀበሌ ትሄዳለች። «አሥራ አምስት ዓመቱ ነው!» ትላለች። «ቁመቱን አይተናል፣ እናቴ» ይሏታል። ከዚያ ደግሞ ልጆቹ ወደ ማሠልጠኛ ተልከዋል አሏት፤ የትኛው ማሠልጠኛ እንደሆነ ግን የሚነግራት ጠፋ። የሌሎቹ እናቶች አንድ በአንድ እየመጡ የልጆቻቸውን ጫማ ወሰዱ። የሊበን ሰንደል በሩ ላይ ቀረ። ፋርሒያ ማንም እንዲያነሳው አልፈቀደችም።

«ሽሬ ባይከፍተው ኖሮ» ትላለች ለሚያጽናኗት ሁሉ፤ «ልጄ ቢሰለቸውም ብቻውን ይሰለቸው ነበር። ያንን ሁሉ ልጅ የጠራብኝ ሽሬ ነው።»

ወሬው መጋላን ዞረ። ሬዲዮ ይዘው የሚመጡ ሴቶች ቀሩ። ሽሬ መንገድ ላይ «አሰላሙ አለይኩም» ሲላቸው ፊታቸውን አዙረው ያልፋሉ። እሱም መንገዱን ይቀጥላል። እኔ አይደለሁም አላለም። አንድ ቀን ብቻ፣ ሑዳ ሱቁን ስትጠርግ፣ ጀርባውን እንደ ሰጣት ተናገረ።

«ካውያ ተውሰሽ ስትመልሺ ጫፉን ጥረጊ። ሊድ ደርቆበት ነበር።»

ሑዳ መጥረጊያውን እንደ ያዘች ቀረች።

ብትናገርስ ምን ይለወጣል? የአይሲዋን እግር መልሳ ብትለጥፋት መኪናው ወደ ኋላ አይነዳ። ፋርሒያ ልጇን አታገኝ፤ ምናልባት የምትረግመው ሰው ብቻ ይቀየርላት ይሆናል። ሑዳ ይሄን ስታወጣ ስታወርድ ሰነበተች። እንቅልፍ የላት፣ እህል የላት። ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ብቻውን ሲሸከም ማየት ያስፈራል።

አንድ ማለዳ ከአንዲት ሽቶ ነጋዴ ዘንድ የጥፍር ቀለም መረጠች። አረንጓዴ አይደለም፤ ብርቱካናማ። ሽሬ ሱቁን ሲከፍት ብልቃጡን በእጇ አየው። እንድታልፍ ከበሩ ፈቀቅ አለላት።

እነሊበን ቤት ስትደርስ ፋርሒያ ቀበሌ ሄዳለች። ሰምሰም ብቻዋን ነበረች፤ ቴሌቪዥኑ ነጠላ ለብሷል። ሑዳ ሣጥኑን ከሥሩ አውጥታ ገለበጠችው።

«እግሯን ልትመልሽላት ነው?» አለች ሰምሰም።

«አይ።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ?»

ሑዳ የብልቃጡን ክዳን ከፈተች። የመጨረሻው ብሎን ላይ ጠብ አደረገች፤ ቀለሙ ከብሎኑ ትንሽ ፈሰሰ።

«ማን ነው ይሄ?» አለች ሰምሰም፣ ቀለሙን ሳትነካ በጣቷ እያሳየች።

«እኔ ነኝ።»

«ሆዮ ስታየው ትጮህብሻለች።»

«አውቃለሁ።»

ሣጥኑን እንደ ተገለበጠ፣ ከበሩ ለሚገባ ሰው ፊት ለፊት አስቀመጠችውና አጠገቡ ቁጭ አለች። ጫማዋን ደጁ ላይ፣ ከሊበን ሰንደል ጎን አውልቃዋለች። ፋርሒያ ገና ከመንገዱ ስትታጠፍ ታየዋለች።