የኑርሁሴን ክብሪት

ቅናት ሰው የሚገድል ቢሆን ኑርሁሴን በዚያ የሱዳን አብዮት ማግስት ካርቱም ውስጥ ተቀብሮ ነበር።

እጮኛው ሉጥፊያ ሪያድ በሚባለው የካርቱም ሰፈር የሰው ቤት ትሠራለች። መዳሟ የምትለቃት ጁምዓ ብቻ ነው፤ ጁምዓ ደግሞ የእሱ ነበረች። የቀን ሥራውን ትቶ ከሐጅ ዩሱፍ ሰፈር በሪክሻ ይመጣና ዓባይ ዳር ተቀምጠው ስለ ኒካቸው ያወራሉ። አሁን ግን ጁምዓን ዶክተር ሳሊህ ወሰዳት።

ሳሊህ ትምህርቱን ገና የጨረሰ ሱዳናዊ ነው፤ የሚጥል በሽታን ያጠናል። ሕመምተኞቹን በየጁምዓው ጀሪፍ ሰፈር አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስቦ፣ ምን እንደምናጠና እናንተ ንገሩን ይላቸዋል አሉ። ሉጥፊያም ይህ በሽታ አለባት። ስትወድቅ እንደ አገሩ ልማድ ክብሪት ጭሮ የሚያሸታት ኑርሁሴን ነው። ለእሷ ሲል ክብሪት ከኪሱ አይጠፋም።

የሚያንገበግበው ሌላ ነው። ሰሞኑን ከእሱ ጋር ስትሆን አፏን በሻሿ ትሸፍናለች፤ ሲጠጋት ፊቷን ታዞራለች። የሳሊህ ነገር ሲነሳ ግን ዓይኗ ይበራል። ሻይ ራሱ ይቀዳልናል፣ ስንናገር አያቋርጠንም ትላለች።

«እኔስ መቼ አቋረጥኩሽ?» አላት።

ሻሿን ወደ አፏ ሳበች። 

በቀጣዩ ጁምዓ ተከተላት። ሊደባደብ ነበር ወላሂ። ገርበብ ባለው በር ሲያይ ሉጥፊያ ሳሊህ ፊት ለፊት ተቀምጣለች፤ ሻሿ ተገልጧል። ከእኔ የሸፈነችውን ለእሱ ገለጠችለት ብሎ ደሙ ፈላ።

«ስለ መድኃኒቱ ብቻ አትጠይቁ» ትላለች በተሰባበረ ዓረብኛ። «ስንወድቅ አጠገባችን ያለው ሰው ምን እንደሚያደርግም ጠይቁ። የሚወደኝ ሰው ክብሪት ያሸተኛል። ባለፈው ከንፈሬን አቃጠለኝ። ብነግረው ልቡ ይሰበራል፤ ስለዚህ እሸፍነዋለሁ።»

«ያላ፣ አምጪው» አለ ሳሊህ። «እሱም ያስፈልገናል።»

«ባንተ ይቀናል» አለች። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሕመምተኞች ሁሉ ሳቁ።

ኑርሁሴን አልሳቀም። በሩን ገፍቶ ገባ፤ ክብሪቱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ታዲያ ምን ላድርግልሽ?» ብሎ የጠየቀው ዶክተሩን ሳይሆን እሷን ነው።

በጎኗ እንዲያስተኛት፣ ከራሷ ሥር ልብስ እንዲያደርግላት፣ እስክትነቃ እንዳይለያት ነገረችው። ሳሊህ ለእሱም ሻይ ቀዳለት። ሻዩ ይጣፍጣል፤ ይህም አናደደው።

ዓባይ ዳር ሲደርሱ የከንፈሯን ጠባሳ በጣቱ ነካው።

«ያማል?»

«አሁን አያምም» አለች። ፊቷን አላዞረችም።